የሐዋ ቤት ጭስ

ይህን ለሚስቴም ለልጆቼም ተናግሬው አላውቅም። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ለቄስ መናዘዝ የለም፤ የሰው ሐቅ የሚወርደው ባለሐቁ አውፍ፣ ይቅር፣ ሲል ነው። ባለሐቋ ግን የሉም። እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተው ስማኝ።

ደርግ መሬት ለአራሹ ብሎ ባወጀ ሰሞን፣ በኮምቦልቻና በሐርቡ መካከል ባለችው ቀበሌያችን የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። የሐዋን እናት አያቴ ነበር ከገበያ ገዝቶ ያመጣት። ባርነት ከቀረ ዘመን ቢያልፍም ሐዋ ከአንድ ልጃቸው ጋር ከጓሯችን በታች በምትገኝ ጎጆ ይኖሩ፣ የእኛን ማሳ ያርሙ ነበር። የእናቴን እኩያ አንቺ እያልሁ ነው ያደግሁት።

የማኅበሩ ስብሰባ ለሁለት ተሰነጠቀ። መሬቱ የሚደለደለው በሰው ቁጥር ነው። የላይ ሰፈር ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ የባሪያ ዘር ባሳደገው ቤት ሥር ይቆጠር አሉ፤ የእነሐዋ ድርሻ ወደ እኛ እንዲመጣ ነው። የታች ሰፈሮች ደግሞ ሰው ሰው ነው ብለው ተነሡ። ሦስት ጁምዓ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሁሉም ዱላ ይዞ መምጣት ሲጀምር ሽማግሌዎች በአንድ ደንብ አስማሙን፦ ቆጣሪዎች ማክሰኞ ማለዳ ከሰፈሩ በላይ ባለው ተረተር ላይ ይቆማሉ፤ ከጎጆው ጭስ የወጣለት በራሱ ስም ይመዘገባል፣ ጭስ ያልታየበት ባሳደገው ቤት ሥር ይጠቃለላል። ደንቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያረከስሁትም እኔው ነኝ።

ማክሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ የሐዋን በር አንኳኳሁ። እናቴ ታማለች፣ ድረሺልን አልኋቸው። ቀኑን ያውቁት ነበር፤ ማገዶው ተደርድሮ ክብሪቱ እጃቸው ላይ ነበር። ክብሪቱን አስቀመጡ፣ ልጃቸውን ውሃ እንድትቀዳልን አስከተሉና ቀድመውኝ ሮጡ። ለመሬት ሲል ወንድሙን የካደ አይቻለሁ። መሬቱን ትቶ ለበሽተኛ የሮጠ ግን ከእሳቸው በቀር አላየሁም።

እናቴ ምንም ሳታውቅ ደጃፍ ተቀምጣ ጤፍ ስታበጥር አገኟት። አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ወደ ጎጆአቸው ሲመለሱ ቆጣሪዎቹ ከተረተሩ ወርደዋል።

ጁምዓ ዕለት በጉባኤው ፊት ጭሳቸው የት እንደ ነበር ተጠየቁ። የታች ሰፈር ወንዶች ዱላቸውን ጨብጠው የሐዋን ቃል ይጠብቃሉ። ስሜን ብቻ ቢጠሩ ሜዳው ደም ይሆን ነበር። ዱላዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሰው ታመመ ቢሉኝ ሄጄ ነበር፤ አላህ ያውቃል» አሉና ተቀመጡ።

ያቺን አረም ነቃይ ሴት ያን ጊዜ ፈራኋት። ከዚያ ወዲህ በሹም ፊት ስቆም እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ታዲያ ምን አደረግሁ? ብዕሬን አንሥቼ «ጭስ የለም» ብዬ ጻፍሁ።

ከዓመታት በኋላ ኮምቦልቻ የሰው ልብስ እያጠቡ ሲኖሩ አገኘኋቸው። ሰላምታው ሳያልቅ «እናትህ ደህና ናት?» አሉኝ። አውፍ በሉኝ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«ደህና ናት» አልሁና አለፍሁ።

የእነሐዋ ድርሻ የነበረችው፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ያለችው ማሳ ዛሬም በእጄ ናት። ወጣትነቴም ዘመኑም አላሳሳቱኝም፤ አውቄ ነው ያደረግሁት። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም። ልጃቸው፣ የሐቁ ወራሽ፣ በሕይወት አለች፣ ቤቷንም አውቀዋለሁ። በየጊዜው እሄዳለሁ፤ ጭሱን በሩቅ አይቼ እመለሳለሁ።