ቁልፍ የሚያንቃጭለው ሰው

ሎሬታ ሲያትል ከተማ ባለው ቡና ቤት ስታስተናግድ ግራ ያጋባት ሰው ቢኖር ይህ ቀይ ማሊያ ለባሽ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የትውልድ ግዛቱ የሚሲሲፒ ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ሳይጀመር ይመጣና ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። ማሊያው ከመታጠብ ብዛት ነትቧል፤ አተኳኮሱ ግን የሙሽራ ሸሚዝ ያስመስለዋል።

ተጋጣሚው ሲያጠቃ፣ እዚያ ስታዲየም ያለው ሕዝብ እንደ ልማዱ የቤት ቁልፉን አውጥቶ ያንቃጭላል። እሱም እዚህ ብድግ ብሎ ያንቃጭላል። ሎሬታ ያልገባት ይሄ ቁልፍ ነው። ሰውየው የሚያድረው ከመንገዱ ማዶ ባለው ሞቴል ነው፤ የሞቴሉ በር ደግሞ የሚከፈተው በካርድ ነው።

«የየት ቤት ቁልፍ ነው?» አለችው አንዴ።

«የቤቴ ነዋ፣ እመቤቴ» አላት፣ ቶሎ ወደ ኪሱ እየከተተው።

ዛሬም ሞላላው ኳስ ከእጅ ወደ እጅ ሲበር እሱ አቀርቅሮ እንቁላሉን በሹካ ያገላብጣል። ካሜራው ወደ ተመልካቹ ሲዞር ግን ሹካውን ጥሎ ይነሣና፣ አፍንጫው ቴሌቪዥኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ፣ የጠፋበት ሰው እንዳለ ሁሉ የስታዲየሙን ሕዝብ ፊት አንድ በአንድ ያያል።

«ኧረ ዞር በል፣ ከለልከን እኮ! መስታወት አደረግከው እንዴ?» ይጮህበታል የቤቱ ደንበኛ ድዌይን።

«ይቅርታ ወንድሜ» ብሎ ይመለሳል።

ጨዋታው አለቀ። ድዌይን ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «እንዲህ ያለ ጨዋታ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም!» ብሎ ወጣ። ሰውየው ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሎሬታ ሰሃኑን ልታነሣ ስትጠጋው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ጎንበስ አለና ጠየቃት።

«እመቤቴ፣ ለመሆኑ ማን አሸነፈ?»