ከሦስቱ ነጥቦች ሥር

ሦስት ጊዜ ለመኑኝ፤ ሦስት ጊዜም በሰላምታ ሸኘኋቸው። የለመኑኝ ትልቅ ነገር አልነበረም፤ አንዲት ቀን ነበረች። ከሐሙሲት ባሕር ዳር አብሬያቸው ሄጄ፣ የዓይን ሐኪም ፊት ከጎናቸው ተቀምጬ፣ ሐኪሙ የሚለውን አብሬ እንድሰማላቸው ብቻ። ይህችን አንዲት ቀን ስላልሰጠኋቸው ዛሬ ጋሼ አያዩም። ሰው ሁሉ “ያንቺ ጥፋት አይደለም” ይለኛል። እኔ ግን የማን ጥፋት እንደሆነ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

የምሠራው ደብረ ታቦር፣ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ጋሼ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ጡረታ ከወጡ፣ ባለቤታቸውም ካረፉ በኋላ ሐሙሲት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዳንድ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ሆነን የኢሜይል ግሩፕ አቋቋምን። ሥራችን እየጠፋ ያለውን የገበሬውን ቃል መሰብሰብ ነበር፤ የማረሻውን ዕቃ ሁሉ፣ እርፉን፣ ድግሩን፣ ወገሉን፣ የፋርጣ ሰው ምን እንደሚለው፣ ደራ ምን እንደሚለው። አንዱ ወደ ግሩፑ አድራሻ የላከው ለሁላችንም ይደርሳል። አስተዳዳሪዋ እኔ ነበርሁ።

እኔ ደግሞ ስፈጠር ዝርክርክነት አልወድም። ቁጡ ነኝ፤ እናቴም ትለኛለች። የግሩፑ ሰው ሁሉ መልሱን ከላይ ይጽፍና የቀረውን እንዳለ ይተወዋል። አንዱ “እስማማለሁ” ብሎ አንዲት ቃል ሲልክ፣ ከሥሯ የዐሥር ሰው ደብዳቤ እየጎተተች ትመጣለች። በምን እንደተስማማ ግን እግዜር ይወቅለት! አንድ ቀን ተናደድሁና ሥርዓት አወጣሁ። የማያስፈልገውን ጭራ ቁረጡ፤ የምትመልሱለትን ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀሩ፤ መልሳችሁን ከእሱ ሥር ጻፉ፤ ለአንድ ሰው የሚባለውን ለሁሉ አትላኩ። በዚያ ላይ ሰላምታ አታብዙ አልሁ። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይህ ነው።

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱማ “ደብዳቤ ከእግሩ ሲጀመር የት አየሽ?” ብሎ አሾፈብኝ። ከሁሉ ቀድመው እሺ ያሉኝ ጋሼ ናቸው። ያኔ ሐሙሲት ሄጄ፣ ልጃቸው በላከላቸው ላፕቶፕ ላይ ኮሌጅ ያለውን ዓይነት የኢሜይል ፕሮግራም ጫንሁላቸው። ከፍቼ አሳየኋቸው፤ በእያንዳንዱ የእኔ መስመር ፊት አንዲት ትንሽ ቀስት ትቆማለች፣ የእሳቸው ቃል ከቀስቶቹ ሥር ይገባል። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና “ገባኝ። ሥርዓት ከሆነ ሥርዓት ነው” አሉ።

አንዲት ነገር ብቻ እምቢ አሉኝ። “ሰላምታውንስ አልተውልሽም። የሰው ደጅ ደርሶ፣ ‘እንዴት ዋላችሁ’ ሳይሉ ዘሎ ወደ ነገር መግባት የባለጌ ነው። እናቴ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችኝም።”

“እሺ ጋሼ፣ አንቱስ ሰላምታውን ከላይ ያድርጉት፤ ቁምነገሩ ግን ከታች ይሁን” አልኋቸው። ሳቁ። እንዲህ ተስማማን። ለብቻዬ ሊጽፉልኝ ሲፈልጉ ደግሞ አዲስ ደብዳቤ መጀመር አይሆንላቸውም ነበር። የመጨረሻውን የእኔን ደብዳቤ ከፍተው “መልስ” የሚለውን ይጫናሉ። ስለዚህ የጋሼ ደብዳቤ ሁልጊዜ አንድ መልክ ነበረው፤ ከላይ ሰላምታቸው፣ መካከል ላይ የእኔው ቃል ከነቀስቱ፣ ከሥር ነገራቸው። ከዚህ ዝንፍ ብለው አያውቁም።

ዝንፍ ያልሁት እኔ ነኝ። መብራት ሲጠፋ፣ ኔት ሲቋረጥ፣ የኮሌጁ ኮምፒውተር አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ሲያርፍ፣ ደብዳቤዬን ሁሉ በስልክ ማንበብ ለመድሁ። የስልኩ ፕሮግራም ደግሞ ጥቅስ፣ ያን ባለቀስቱን የሌላ ሰው ቃል ማለቴ ነው፣ ካየ ከዚያ ወዲያ ያለውን በሙሉ አጥፎ ይደብቀዋል። በቦታው ሦስት ነጥብ ብቻ ያሳያል፤ ነጥቦቹን ካልነኩ አይገለጥም። ይህን አላውቅም ነበር እንዳልል፣ ለተማሪ የማስተምረው እኔው! ግን ሰው የሚያውቀውን ሁሉ መቼ ይሠራበታል። ላይ ላዩን አንብቤ አልፍ ነበር።

አንድ ግንቦት ላይ የጋሼ ደብዳቤዎች ግሩፑ ውስጥ ዝርክርክ ማለት ጀመሩ። ጭራው አይቆረጥም፤ መልሳቸው ከማን ቃል ሥር እንዳለ አይታወቅም። እኔ ምን አደረግሁ? ሰው ሁሉ በሚያነበው ላይ “ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሥርዓቱን ከአንቱ ካልተማርን ከማን እንማራለን?” ብዬ ጻፍሁ። ጨዋ መሆኔ ነበር! ዓይናቸው ጭራውን እያየው መስሎኝ ነበር። እጄን በቆረጠው።

በሳምንቱ ለብቻዬ ጻፉልኝ። ሚኒባስ ተራ ቆሜ በስልኬ ከፈትሁት። “ለተከበርሽ ልጄ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። የለመኑትን የማይነሳ፣ የነገሩትን የማይረሳ አምላክ ይጠብቅሽ።” ከዚያ ሦስት ነጥብ። አልነካኋቸውም። አለመቀየማቸው ደስ ብሎኝ እዚያው ቆሜ “አሜን ጋሼ፣ እኔም ደህና ነኝ። አንቱም ጤናዎን ይጠብቁ” ብዬ ላክሁ።

ለደብረ ታቦር በዓል ሁለተኛው መጣ። ሰላምታ፣ ምርቃት፣ ሦስት ነጥብ። “እንኳን አብሮ አደረሰን ጋሼ” አልሁ። መስቀል ካለፈ በኋላ ሦስተኛው መጣ፤ አጠር ያለ ሰላምታ፣ ያችው ምርቃት፣ ሦስት ነጥብ። እንዲያውም ለሥራ ባልደረባዬ “ጋሼን ብቸኝነት ይዟቸዋል መሰለኝ፣ ዝም ብለው ሰላምታ ይልካሉ” ብያት ተሳስቀናል። ሳቄ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። ለግሩፑም አልጻፉ፣ ለእኔም አልጻፉ። መንገዱም አንድ ጊዜ ክፍት አንድ ጊዜ ዝግ ሆኖ ሰው ሁሉ በየቤቱ ዝም ያለበት ጊዜ ስለነበር አልገረመኝም። ልደውል ብዬ አስባለሁ፣ ደግሞ እረሳዋለሁ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ የተሰበሰቡትን ቃላት ለመልቀም የኮሌጁን ኮምፒውተር ከፈትሁ። ያ አሮጌ ፕሮግራም ምንም አይደብቅም፤ የመጣውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይዘረግፈዋል። የጋሼን ስም ፈልጌ ደብዳቤዎቻቸውን ተራ በተራ ስከፍት፣ ከእኔ ቃል ሥር ጽሑፍ አየሁ።

“ልጄ፣ ዓይኔ ከጎን ከጎን እየጨለመብኝ ነው። እንደ መስኮት ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የማየው። ጭራውን ያልቆረጥሁት ለዚህ ነው፣ አትቆጪኝ። ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው እሻለሁ፤ ብቻዬን የሰማሁትን እንዳልስት። ልጆቼ ሩቅ ናቸው፣ ባስደነግጣቸው አልወድም። በስልክ ያልነገርሁሽ እምቢ ማለት እንዳይከብድሽ ብዬ ነው። ካልተመቸሽ ምንም አይደለም።”

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ “ያኔ አልተመቸሽ ይሆናል ብዬ ነው ደግሜ የጠየቅሁ። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደረጃ ስቼ ወደቅሁ። ብዙም አልተጎዳሁ። አንዲት ቀን ብታገኚ።”

ሦስተኛው፦ “ከእንግዲህ ይህን አላነሳብሽም። የሥራ ሰው ነሽ፣ አውቃለሁ። አልተቀየምሁሽም።”

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥሁ አለቀስሁ። ተማሪዎች እያዩኝ ነበር፤ ይዩ። የከፋው ደግሞ የራሴን መልሶች ስከፍት ነው። ስልኬ በእያንዳንዷ ሰላምታዬ ሥር የጋሼን ደብዳቤ እንዳለ አያይዞ መልሶላቸዋል። “አሜን ጋሼ” እላለሁ ከላይ፤ ልመናቸው ከሥር ሳይነካ ተመልሶ ይደርሳቸዋል። በእኛ አገር ሰው ሲለምኑት ስለ ልመናው ትንፍሽ ሳይል ጤና ብቻ ጠይቆ ከሸኘ፣ ያ እምቢታ ነው። ጨዋ ሰው እምቢ የሚለው እንዲህ ነው፤ ጨዋ ሰውም ሰምቶ ዝም ይላል። ጋሼ ሦስት ጊዜ በጨዋ ደንብ እምቢ የተባሉ መሰላቸው። ሰላምታውን እንዳልሁት ቢተዉት ኖሮ ከላይ ባዶ ሆኖ ይመጣብኝና “ምንድን ነው ይህ?” ብዬ ነጥቦቹን እነካ ነበር። ይህንንም ሳስበው እውላለሁ።

በነጋታው ወረታ ላይ መኪና ቀይሬ ሐሙሲት ገባሁ። ገበያ ነበር፤ በእህልና በበግ መካከል እየተጋፋሁ ነው የሄድሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አላደረጉም። “ማነው?” አሉ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ጎን አድርገው። ድምፄን ሲሰሙ ተነሡ። “እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ? ሥራስ? መንገዱስ ሰላም ነው?” ሁሉንም ጠየቁ፤ አንዷን አላስቀሩም። እኔም እያንዳንዱን መለስሁ።

ዓይናቸውን ጠየቅሁ። “ታኅሣሥ ላይ የጎረቤት ሰው ወሰደኝ” አሉ። “የዓይን ግፊት ነው አለኝ ሐኪሙ። የግራው አልቋል። በቀኙ ብርሃን ከጨለማ እለያለሁ። ክረምት ሳይገባ ቢመጡ ጠብታው ይይዘው ነበር አለ። የጠፋው አይመለስም።” ሰው ስለ ዝናብ መዘግየት እንደሚያወራ አድርገው ነው የነገሩኝ።

እግራቸው ሥር ተንበረከክሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስልኩን፣ ነጥቦቹን፣ ላይ ላዩን ማንበቤን፣ መሳቄን ሳይቀር። “አፈር ልብላ ጋሼ፣ አላየሁትም” አልሁ።

“እንዳልሽኝ እኮ ከታች ነው የጻፍሁት” አሉ። ሊከሱኝ አይደለም። የተሳሳቱት እሳቸው እንዳይሆኑ ፈርተው ነው። ይህ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

“አንቱ ምንም አልተሳሳቱም” አልኋቸው።

“አምላክ ሆይ፣ እኔስ አስቸገርኋት ብዬ ነበር” አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈለጉ። መጀመሪያ ትከሻዬን ነበር ያገኙት። “ተነሽ፣ ተነሽ። ስልኩን ይዘሻል? ለግሩፑ ጻፊልኝ።”

የነገሩኝን እንዳሉት ጻፍሁ። “እንደምን ሰንብታችኋል? ዓይኔ ስለ ደከመ ከእንግዲህ አልጽፍም። የቀሩኝን ቃላት በቃሌ እነግራታለሁ፤ እሷ ትልክላችኋለች። ሥርዓቱን ላጓደልሁበት ጊዜ ይቅርታ።” የመጨረሻዋን እንድተዋት ለመንኋቸው፤ እምቢ አሉ። ላክሁት።

ምሳ አብረን በላን። እንጀራው ላይ እጃቸውን ወደ ወጡ መራሁላቸው። ሳንነሣ ስልኬ ይጮህ ጀመር፤ ከግሩፑ መልስ ነው። “አንብቢልኝ” አሉ።

“እግዚአብሔር ይማርዎት መምህር” አልሁ፣ አነበብሁላቸው።

“ከሥሩስ?” አሉ።

ነጥቦቹን ነካሁ። “የአንቱው ደብዳቤ ነው ጋሼ። ሌላ የለም።”

ሌላ መጣ። “ያሳዝናል ጋሼ፣ ምሕረቱን ያምጣልዎ።”

“ከሥሩስ?”

“ይኸው የአንቱው ደብዳቤ ነው።”

“እሱንም አንብቢው” አሉኝ። “ደብዳቤዬ ሳይነበብ እንዲመለስ አልፈልግም።”

አነበብሁላቸው። ሦስተኛው ሲመጣም አነበብሁላቸው፤ ከላይ ጀምሬ እስከ ታች።