በባትሪ ድንጋይ የጠቆረው በር

ማጅራት ገትር ገብቶ የጎጆ ከተማ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ እዚያው ሬዲዮ እጠግን ነበር። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሹ ሬዲዮዎችን ፈትቼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። የምኖረው አንዲት ድንች ሻጭ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነው። እንደ አካባቢው ሰው በአክብሮት «አዴ» እላቸዋለሁ። ባላቸው ሞተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የክፍሏ አለቃ።

የጤና ረዳቱ የተለያየ ቤት ልጆች አንድ ላይ እንዳይሰበሰቡ አስጠንቅቆ ሄደ። በዚያው ሳምንት ከልጅቷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሕመም የለባትም። ብቻ አትናገርም፣ በቅጡ አትበላም፣ ደብተሯንም አትነካም።

«ኢልማ ኮ፣» አሉኝ አዴ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አንተ የሞተ ሬዲዮ ታስነሳለህ። ይቺንስ ምን ላድርጋት?»

 ጠረጴዛዬ ሥር አንድ ጣሳ ሙሉ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ነበረ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጥቁር ሰሌዳውን በዚሁ ሲያጠቁረው አይቻለሁ፤ ለልጅቷም ሰሌዳ ልሠራላት አሰብኩ። የቤቱ ግድግዳ ጭቃ ስለሆነ ጠመኔ አይዝም። ልሙጥ ነገር ቢኖር ወደ መንገድ የሚከፈተው የእንጨት በር ብቻ ነው።

አዴን አስፈቅጄ ስምንት ድንጋይ ሰበርኩ። ውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት ከከሰል ጋር ወቅጬ በጎመን ቅጠል ጭማቂ ለወስኩት። መጀመሪያ ከሰሉን አብዝቼው ኖሮ ተላጠ። ፍቄ እንደገና ጀመርኩ፤ እያደረቅኩ ሦስት ጊዜ ቀባሁት። በጥፍሬ ብቧጥጠው አልለቀቀም። ልጅቷ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

በማግስቱ ድንች የሚገዛ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን የማዶዋ ጎረቤት አፏን በነጠላ ሸፍና ከመንገዱ ወዲያ ጮኸች።

«አዴ! ማን ነው የታመመው?»

«ማን ታመመ አለሽ?»

«ጤና ጣቢያ በሽታ የገባበትን ቤት በር ያጠቁራል አሉ እኮ!»

አዴ ወደ እኔ ዞሩ። «ደጄን አክስለህብኝ አረፍከው! በል እጠበው፣ አሁኑኑ!»

ውሃና ጨርቅ አመጣሁ። አፍሬያለሁ። ከታችኛው ጥግ ማሸት ስጀምር ከቤት ውስጥ የሻከረ ድምፅ ሰማሁ።

«ተወው።»

ልጅቷ ጋቢ እንደተከናነበች ወጣች። ከደብተር መያዣዋ ውስጥ ቁራጭ ጠመኔ አውጥታ በትልልቁ ጻፈች፤ «እዚህ ቤት የታመመ የለም።» ከሥሩ አንድ የማካፈል ሒሳብ ጨመረች።

ጎረቤቷ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። «የ-ታ-መ-መ የ-ለ-ም» አለች ጮክ ብላ፤ ነጠላዋንም ከአፏ አወረደች። «እሰይ! ከታች ያለውስ ምንድን ነው?»

«ለልጅሽ ነው» አለቻት ልጅቷ። «እዚያው ሆኖ ይሥራው።»

ልጁ ከደጃፉ ላይ መልሱን ጮኸ።

«ተሳስተሃል! ድገመው!»

የክፍል አለቃ ድምፅ ነበር። አዴ ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«አንተ ባለሬዲዮ፣» አለች ጎረቤቷ፣ «የኔ በር ምን አጠፋ?»

ከየቤቱ ያለቀ ባትሪ እየሰበሰብኩ በዚያ መንገድ ሰባት በር አጠቆርኩ። ሁሉም ሲጠቁር ሐሜቱ ቀረ፤ የአዴ ደንበኞችም ተመለሱ። ልጆቹ ከየደጃፋቸው ሳይነሱ ከማዶ ማዶ ይጠያየቃሉ። ጠያቂዋ ብዙውን ጊዜ እሷ ናት። እናቶች ድንች እየላጡ ለልጆቻቸው መልስ ሹክ ይላሉ፣ ሲያዙ ይስቃሉ። ማታ አዴ «ዛሬ ሁለቴ በላች» ይሉኛል።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ቀን ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ ጨርቄን አንስቼ፣ «አሁንስ ልጠበው?» አልኳቸው።

«እጅህን እቆርጠዋለሁ!» አሉኝ አዴ። «ልጄ በሱ ነው የተነሳችው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ሬዲዮ አስነስቻለሁ። እንደዚያ በር ግን የኮራሁበት ሥራ የለኝም። የጎጆ ክረምት አልፎበት እንኳ ሦስተኛው ቅብ አልተላጠም።