ኪኒኑን ከማን ጋር ነው የሚውጡት?

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም ገበያ ወጥቼ፣ አንድ መድኃኒት ቤት በር ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ከአንዲት ባልቴት ጋር ስትሳሳቅ አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ ነጭ ጋዋን ያስቀናኛል። ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው።

ኮረዳ ሳለሁ እናቴ ደም ግፊት ነበረባት። እሷን ላስታምም ብዬ ከስምንተኛ ክፍል ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ያወቅሁት የሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር እያነበብኩ ነው። ከጤና ጣቢያ መድኃኒቷን የማመጣላት እኔ፣ ከወጧ ጨው የምቀንስላት እኔ። እሷ ግን አንዴ ማጀት ውስጥ፣ አንዴ የገበያ መንገድ ላይ ዘፍ ትላለች። አንድ ቀን እንደወደቀች ትቀርብኛለች እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

መስከረም ላይ ጭቃው ጠፈፍ ሲል የፋርማሲ ተማሪዎች ቤት ለቤት በሽተኛ ሊጠይቁ ከአስተማሪያቸው ጋር ሰፈራችን መጡ። ለእኛ ቤት ነጭ ጋዋን የለበሰች ሰዓዳ የምትባል እኩያዬ ደረሰችን። የባቄላ እሸት ቀቅዬ አቀረብኩ። እሷ ሆዬ እየፈለፈለች እናቴን ታጎርሳለች! በእኔ እሸት፣ የእኔን እናት!

አስተማሪው ከደጅ ሆኖ፣ «ኪኒኑ ይቆይ፤ መጀመሪያ ኑሯቸውን ጠይቂ። እንጀራ ከማን ጋር እንደሚበሉ በምትጠይቂበት አፍ ኋላ ኪኒኑንም ትጠይቂያለሽ» አላት።

ሰዓዳ ፈገግ አለችና፣ «እትዬ፣ ኪኒኑን ከማን ጋር ነው የሚውጡት?» አለች።

የምን ጥያቄ ነው ብዬ ልስቅ ስል እናቴ ቀደመችኝ፦

«ከዘሀራ ጋር ነዋ! አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ። ጎረቤቴ በዚያው በሽታ እየተንገላታች ብቻዬን ልዋጥ እንዴ? ወላሂ ነውር ነው!»

«እማ! ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺማ ትቆጪኛለሽ።»

ሰዓዳ አልተቆጣችም። ዘሀራ ለምን ጤና ጣቢያ እንደማትሄድ ጠየቀች። ባሏ ለሥራ አገር ጥሎ ሄዷል፤ ከብቶቹን የሚይዝላት የለም። «አንቺ ትይዥላታለሽ አይደል፣ እህቴ?» አለችኝና ዘሀራን ከቤቷ አውጥታ፣ ደግፋ ጤና ጣቢያ ይዛት ሄደች። እኔ ከላም ጋር ቀረሁ፤ ምርቃቱን ሁሉ እሷ ወሰደች።

ዘሀራ የራሷን መድኃኒት አገኘች። እናቴም በየቀኑ ስትውጥ መውደቋን ተወች። ታዲያ ለወራት፣ «ያቺ ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለች አቃጠለችኝ። ልጄ!

እናቴ የልጅ ልጅ አቅፋ ነው የሞተችው። ያ ዕድሜ ከየት እንደመጣላት አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬም የሰዓዳ ስም ሲነሳ «አላህ ያክብራት» እላለሁ። ከልቤ ነው፤ ጥርሴን ነክሼ ቢሆንም።