ሁለት ጊዜ የተነበበው ቃለ ጉባኤ

የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የታካሚና የአስታማሚ ተወካይ አድርጎ ሲመርጠኝ ደስ አላለኝም። ኮልፌ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው ጠፍቶ ነው እኔ የተገኘሁት? መምህራን አሉ፣ ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰዎች አሉ። እኔ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም፤ ፈርሚ ስባል አውራ ጣቴን ነው የማስነካው። ያን ቀን በአየር ጤና በኩል ዞሬ ነው ቤቴ የገባሁት። መዞር ልማዴ ነው፣ እግሬ በቀጥታ መንገድ አይሄድልኝም። መንገዱን ሁሉ «ለምን እኔን?» እያልኩ ነበር። መልሱም አልጠፋኝም፤ ያልተጻፈውን ተጽፏል ቢሉኝ አላውቅባቸውም።

እሺ ያልኩት ለባለቤቴ ስል ነው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ ምላሱም ተሳስሯል። ለጠየቁት ሁሉ ራሱን በእሺታ ይነቀንቃል። የጤና ጣቢያው ጥበቃ ደግሞ «አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ» ብሎ እኔን ያስቀረኛል። እሱን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍተው ያስገቡታል፣ ሐኪሟ «መድኃኒቱ ተስማምቶዎታል?» ትለዋለች፣ ይነቀንቃል፣ ያው ኪኒን ተጽፎለት ይወጣል። ኪኒኑን በዋጠ ቁጥር ግን ያዞረዋል። ቤት ውስጥ በዱላው እየተደገፈ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት በር ላይ ወድቆብኛል። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ከአጥር ውጭ ነኝ።

ስብሰባው ክትባት ክፍል ውስጥ ነበር። የጤና ጣቢያው ኃላፊና ጸሐፊው ከፊት ተቀመጡ። ለስላሳ ታደለ። የኔ ጠርሙስ ተከፍቶ ነው የመጣልኝ፤ አልነካሁትም።

«እማማ፣ ይጠጡ እንጂ፣» አለኝ ጸሐፊው።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እንነጋገር።»

«ለስላሳ እኮ ነው፣ አያሰክርም።»

«አውቃለሁ ልጄ። እሺ እንድልህ እንጂ እንድሰክርልህማ አልሰጠኸኝም።»

ከጎኔ የተቀመጡት ሌላው ተወካይ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከደቡብ መጥተው እዚሁ ያረጁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው።

ተራዬ ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ መናገር የማይችል በሽተኛ ከአስታማሚው ጋር ይግባ። ኃላፊው «ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው። ሁሉም ዘመዱን ይዞ ከገባ ሐኪሙ የት ይቁም?» አለ። ውሸት አልነበረም። «እኔ ያልኩት መናገር ለማይችለው ነው» አልኩት። ሲከራከረኝ ቆይቶ ሰዓቱን አየና «እሺ፣ ይወሰን» አለ። እንደዚያ በአንዴ መለወጡ አላማረኝም።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውንና የማኅተም ቀለሙን አመጣ። «እዚህ ጋ ይንኩልኝ።»

«አንብብልኝ።»

ፈጠን ፈጠን እያለ አነበበ። ስለ ውኃ፣ ስለ ካርድ ክፍሉ ሰልፍ፣ ከዚያ «መናገር የማይችል ታካሚ ከአንድ አስታማሚ ጋር እንዲገባ ተወስኗል»። ልክ ነው። ግን እዚያ ሲደርስ ዓይኑ ከወረቀቱ ተነስቶ እኔን አየኝ። የሚያነብ ሰው ወረቀት ነው የሚያየው።

«ድገምልኝ።»

«አሁን አነበብኩልዎት እኮ፣ እማማ።»

«እኔ በጆሮዬ ነው የምይዘው። አንዴ አይበቃኝም።»

እውነቴን ነው። ይህንን የምትጽፍልኝን የልጅ ልጄንም ሁለቴ ነው የማስነብባት።

ደገመው። የውኃው ቃል በቃል ያው ነው፣ የሰልፉም። የእኛ ላይ ሲደርስ ግን «አስታማሚዎች ቢገቡ ጥሩ መሆኑ ተነስቷል» አለ።

«ቅድም ተወስኗል ነበር ያልከው። አንድ አስታማሚም ብለህ ነበር። የተጻፈው የትኛው ነው?»

ነጋዴው መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን ተቀበሉት። አዩት፣ ገለበጡት። «የእርስዎ ነገር የለበትም» አሉኝ። «ከሰልፉ ቀጥሎ ፊርማ ነው።»

«ልጨምረው ነበር፣ ቦታ ጠቦኝ ነው» አለ ጸሐፊው። ክፉ ሰው አይመስለኝም። ወረቀቱ ግን ከስብሰባው በፊት ተጽፎ የመጣ ነው፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማምነው።

«ቦታ እስኪገኝ እጠብቃለሁ» ብዬ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

ኃላፊው «በቃ ጻፈው» አለ። ተጻፈ፣ ነጋዴውም አነበቡልኝ። እሳቸውንም አላመንኩም፣ ይቅር ይበሉኝ። ዕቃ ልትወስድ የገባችውን ነርስ ጠርቼ እንደገና አስነበብኩ። የሁለቱ ቃል አንድ ሲሆን አውራ ጣቴን አስነካሁ።

በቀጠሯችን ቀን ጥበቃው እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋብኝ።

«ውሳኔ አለ» አልኩት።

«እኔ አልሰማሁም፣ እናቴ።»

የባለቤቴን ወንበር ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ፣ ሰውም ማጉረምረም ጀመረ። ጥበቃው ገብቶ ጠይቆ ተመለሰና ሳያየኝ በሩን ከፈተው።

ሐኪሟ «መድኃኒቱ ተስማምቶዎታል?» አለችው። ነቀነቀ።

«ዛሬ ፋሲካ ነው ቢሉትም ይነቀንቃል» አልኳት። አሁንም ነቀነቀ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። ማዞሩንም መውደቁንም ነገርኳት።

«ለምን እስካሁን አልነገሩኝም?»

«በር ላይ ነበርኩ።»

እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳችና ሌላ መድኃኒት ጻፈችለት። ቤት ስገባ አዲሱን ኪኒን ከአሮጌው ጎን አስቀምጬ አየሁት፤ ቀለሙም መጠኑም ሌላ ነው። እንዲያም ሆኖ ሦስት ቀን ከአጠገቡ አልራቅሁም። በአራተኛው ቀን ሽንት ቤት ብቻውን ደርሶ ተመለሰ። ብቻዬን ነኝ ብሎ ነው እንጂ፣ እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር።