የሻው ቤልጅጉን ያለበሰው ጠፍር

የኮሶዬው የሻው ጠመንጃ ሲወድ ልክ አያውቅም ነበር። ሰው ልጁን ይወዳል፣ በሬውን ይወዳል፤ እሱም ይወዳቸዋል። ወደ ጠመንጃ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ነው። ጣሊያን ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሆነው ድረስ የያዘው የአባቱን ውጅግራ ነበር፤ እንጨቷ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ከነብረቷ በጠፍር የተጠመጠመች አሮጊት። በዚያች አሮጊት አራት ነብር ጥሏል። በጎጡ ውስጥ «ነብር በግ ነጠቀ» ከተባለ መጀመሪያ የሚጠራው አያ የሻው ነው። ጭቃ ሹም አይደለ፣ ደብተራ አይደለ፤ ያለው ክብር ይኸው ነው።

በዚያ ዓመት በመስከረም በቅሎውን ሸጠና ጎንደር ወርዶ ቤልጅግ ጠመንጃ ገዛ። አዲስ ነው! ሰደፉ ያብረቀርቃል፣ ማነጣጠሪያው ላይ እስከ ሁለት ሺህ ድረስ ቁጥር ተጽፎበታል። የሚስቱ ወንድም ዳኛው፣ አፉ የማያርፍ ሰው፣ ቁጥሩን ትክ ብሎ አየና «በል እንግዲህ ከደጅህ ቁጭ ብለህ የደባርቅን ነብር ጨርስ» አለው። የሻው ሳቀ። ለደስታው ፊቱ አልበቃ ብሎት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አለው። ጠመንጃው ራቁቱን ነው። እንጨትና ብረት ብቻ! እሱ የሚያውቀው ወንድ ሁሉ ጠመንጃውን ያለብሳል፤ አንዱ በብር ቀለበት፣ አንዱ በጠፍር። እናም ከበሬ ቆዳ ረጅም ጠፍር ተለተለ፣ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈ፣ በማግስቱ ብረቱንና እንጨቱን አንድ ላይ አድርጎ፣ ጫፉን በጥርሱ እየሳበ ጠመጠመው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ሰቀለው። ሲደርቅ ጥፍር የማያስገባ ሆነ።

ሚስቱ እናኑ አየችና «ምነው አንተ ሰው፣ አነቅኸው እኮ!» አለች።

«ካልጠበቀ ብረቱ ከእንጨቱ ይላወሳል» አላት። በውጅግራው ያየው ነገር ነውና አልተጠራጠረም።

ከሸለቆው ማዶ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አመድ ቀብቶ ሞከረው። የመጀመሪያዋ ጥይት አንድ ስንዝር ያህል ወደ ቀኝ ሄደች። ሁለተኛዋ ከዚያ ራቀች። ሦስተኛዋ ድንጋዩንም አላገኘች። የሻው ደነገጠ። ምን አሰበ መሰላችሁ? «አልጠበቀም» አለ! ሁለተኛ ጠፍር ደረበበት። ባሰ። ሦስተኛ ደረበ። ወይ አበሳ! ጥይቶቹ ጭራሽ ማዶ ያለውን ቁጥቋጦ ይመቱ ጀመር።

በኅዳር ነብሩ መጣ። የባልቴቷን የወለተሩፋኤልን ሁለት በጎች በአንድ ሳምንት ወሰደ። ሰው ተሰብስቦ ወጣ፤ ከገደሉ ማዶ፣ ዓለት ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ አገኙት። «አያ የሻው፣ ይኸውልህ!» አሉት። የሻው ተንበርክኮ አነጣጠረ፤ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ነብሩ ተነሣ፣ ወደ ጩኸቱ ዞሮ አየ፣ ሳይቸኩል እየተራመደ ሄደ። ዳኛው እንኳ ዝም አለ፤ ዳኛው ዝም ካለ ደግሞ ነገሩ በጣም ከፍቷል ማለት ነው።

የሻውን የፍርሃት ብርድ የያዘው ያን ዕለት ነው። አባቱ ዓይናቸው የጠፋው በስልሳ ዓመታቸው ነበር፤ አሥር ዓመት ሙሉ ሰው እጃቸውን ይዞ እየመራቸው ኖረው ሞቱ። የሻው ደግሞ ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። «የአባቴ መጣብኝ» አለ በሆዱ። ከዚያ ወዲህ በጎቹን ሲያሰማራ ማዶ ተራራው ላይ ያሉትን የጥድ ዛፎች ይቆጥራል፤ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሃያ ሦስት ሲሆኑለት ደስ ይለዋል፤ ጉም ሸፍኗቸው ሃያ ሲሆኑበት እህል አይበላለትም። ለእናኑ አልነገራትም። ምን ብሎ ይንገራት?

ሽማግሌው አያ ወልደኢየሱስ አንድ ቀን ጠጋ ብለው «የሻው ልጄ፣ ጠመንጃውን ለዳኛው ብትሰጠውና አንተ መንገዱን ብታሳየው ምን ይመስልሃል?» አሉት። በደግነት ነው ያሉት፤ ደግነታቸው ደግሞ ይበልጥ አቃጠለው። «እስከ ጥምቀት ይታገሡኝ። ካልሆነልኝ በገዛ እጄ እሰጠዋለሁ» አላቸው።

በታኅሣሥ አንድ ዓርብ ማለዳ፣ ከዳባት በሚወርድ የጭነት ማኪና ተሳፍሮ ጎንደር ሄደ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የቤተ እስራኤል መንደር ይባረክ የሚባል ብረት ሠሪ አለ። ማረሻም ማጭድም ይሠራል፤ ጠመንጃ ሲታመም ግን ከወገራም፣ ከደምብያም፣ ከጭልጋም ሰው የሚሄደው እሱ ዘንድ ነው፤ የሻውንም ከነውጅግራው ያውቀዋል። የሻው ዘመድ ቤት ጎራ ብሎ ሲደርስ ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተጠግቶ ነበር። ይባረክ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ።

«ምነው አያ የሻው ዓርብን መረጡ? ፀሐይ ከጠለቀች እሳቴን አጠፋለሁ። ነገ የእኔ ሰንበት ነው፣ ከነገ ወዲያ የእርስዎ። ቶሎ ይንገሩኝ።»

የሻው ለሚስቱ ያልነገረውን ለሰውዬው ነገረው። «ጠመንጃው ደህና ነው፣ አዲስ ነው። የከዳኝ ዓይኔ ነው። አንተ ብቻ ማነጣጠሪያውን ለደካማ ዓይን እንዲሆን አስፋልኝ።»

ይባረክ ጠመንጃውን ተቀብሎ እጁን በጠፍሩ ላይ አሳለፈ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ልብሱ ነው።»

«ስንት ደርቧል?»

«ሦስት።»

«ለኮሶዬ ብርድ ደግ አድርገዋል» አለ ይባረክ። ከዚያ «ሲስቱ ወዴት ነው የሚስቱት?» ብሎ ጠየቀው።

«ወደ ቀኝ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። የመጀመሪያዋ በጥቂቱ፣ ሁለተኛዋ ትብሳለች፣ ሦስተኛዋንማ አትጠይቀኝ።»

ይባረክ ከት ብሎ ሳቀ። የሻው ደሙ ፈላ። «ምን ያስቅሃል?»

«አይቆጡ። ዓይኑ የደከመ ሰው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎረቤት ነው የሚተኩሰው። እርስዎ በተርታ ነው የሚስቱት! ይኼ የዓይን ሥራ አይደለም፣ የብረት ሥራ ነው። ብረት ሲተኮስበት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለጠጣል። የእርስዎ ብረት እንዳይለጠጥ ጠፍሩ አንድ ጎኑን ቆንጥጦ ይይዘዋል፤ እሱም ይጎብጣል። ውጅግራዎ እንጨቷ ተሰብሮ ነበርና ጠፍሩ ደገፋት። ይኼ ምኑ ተሰበረና ነው የታሰረው?»

የሻው ለማመን ፈራ። ቢያምንና ሐሰት ቢሆንስ? «በል ቁረጠው» አለ፤ ይባረክ ቢላዋውን ሲያነሣ ግን «ተው፣ እኔ ልቁረጠው» ብሎ ተቀበለው። በጥርሱ ስቦ ያጠበቀውን ጠፍር በገዛ እጁ ቆረጠ። ጠፍሩ ሲለቅ ብረቱ ጠቅ አለ። ሁለቱም ሰሙት።

ይባረክ ብሎኑን ፈትቶ ብረቱን ከእንጨቱ አወጣው። ብረቱ እየታሸ ያጠቆረውን የእንጨቱን ቦታ በጥንቃቄ ፋቀ። መልሶ ሲገጥመው ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ በብረቱና በእንጨቱ መካከል አስገብቶ ከጫፍ ጀምሮ ሳበ፤ ጨርቁ የትም ሳይያዝ አለፈ። የብረቱን ውስጥ ሲወለውል ደግሞ ጨርቁ ወዝ ይዞ ወጣ። አሸተተው። «ቅቤም አብልተውታል!»

«እንዳይዝግ ብዬ ነዋ» አለ የሻው፣ አፍሮ።

ይባረክ ከወንዙ ማዶ ካለው ተዳፋት ላይ የጣሊያን በርሜል ክዳን አቁሞ መካከሉን በከሰል አጠቆረ። ሁለት መቶ እርምጃ ይሆናል። አሸዋ የሞላ ስልቻ አምጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። «እንጨቱን እዚህ ላይ ያሳርፉ፣ ብረቱ ምንም አይንካ። ትንፋሽዎን ግማሹን ያውጡና ይያዙ። ቃታውን አይምዘዙት፣ ቀስ ብለው ይጫኑት።»

የሻው ተኮሰ። ሁለተኛ ተኮሰ። ሦስተኛዋን ሲያነጣጥር ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታ ነበር፤ እስኪረጋ ጠበቀና ተኮሰ። ከዚያ ሳይነሣ «አንተ ሂድና እየው» አለ።

«ዓይኑ የእርስዎ፣ ጠመንጃውም የእርስዎ! አብረን እንሂድ እንጂ።»

ወንዙን ተሻግረው ወጡ። ክዳኑ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ። የሻው መዳፉን ቢያኖርበት ሦስቱም ተሸፈኑ። መዳፉን አነሣ፣ መልሶ አኖረ። ከዚያ ተዳፋቱ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይባረክ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ቆየለትና «በሉ፣ እሳቴን ላጥፋ» አለ።

የነብሩ ነገር በተከታዩ ወር፣ በጥር፣ በየሻው ጥይት አለቀ። ዳኛው እየዞረ አውርቶታል፤ ርቀቱንም በየዓመቱ ይጨምርበታል። እኔ የምነግራችሁ ግን የዚያን ዓርብ ማግስት፣ የቅዳሜዋን ከሰዓት በኋላ ነው።

የሻው ዘመድ ቤት አድሮ በማግስቱ ሲመለስ እናኑ ደጅ ገብስ ታሰጣ ነበር። «እንዴት ዋልሽ» ሳይል «እናኑ፣ ዓይኔ ደህና ነው!» አላት። ካለ በኋላ ትዝ አለው፤ ለካ መታመሙንም አልነገራትም።

እናኑ ገብሱ ላይ ተቀመጠች። «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ አላውቅብህም?» እንባዋን ጠረገች። «ከኅዳር ወዲህ ዱላህን ከበሩ በስተግራ እንጂ ሌላ ቦታ አኑሬ አላውቅም። ጋቢህን ከመደቡ ራስጌ፣ የውኃ ቅልህን ከምሰሶው ሥር። ልጆቹ ካነሡት እቆጣለሁ። ዓይንህ ሲሄድብህ እጅህ እንዲያገኘው ብዬ ነው። አንተ እንደ አባትህ ሰው ሲመራህ አትችለውም፤ ትሞትብኛለህ።»

የሻው ወደ ቤት ገባና ሳያይ እጁን ወደ ግራ ዘረጋ፤ ዱላው እዚያው ነበር። አነሣው፤ ጓዳውን አልፎ ከእህል ጎታዎቹ ጀርባ ወስዶ አቆመው።

እናኑ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። «ምነው፣ እዚያ ምን ሊያደርግ ነው?» አለችው።

«ይቆይ እዚያ፤ ፈልጌ አገኘዋለሁ» አላት።