አዲሱ የበር ጎማ

አባቴ በወጣትነቱ የገዛት ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ቁስቋም ዳገቱ ላይ ባለው ግቢያችን ቆማ ታረጃለች። ሞተሯ ከሞተ ቆይቷል። አባቴ ግን ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሁልጊዜ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ መሪውን ይዞ ይቀመጥባታል። የበሮቿና የመስታወቶቿ ጎማ በፀሐይ ደርቆ ስለተፈረፈረ፣ በክረምት ዝናቡ እየገባ ወንበሩን ያበሰብሰዋል፤ አባቴም ሲያስል ይከርማል።

ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ብዬ ጎማ ፍለጋ ወደ መኪና መለዋወጫው ሰፈር ሶማሌ ተራ ወረድኩ። "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት መኪና ነው?" እያሉ ሳቁብኝ። በመጨረሻ አንዱ ባለሱቅ፣ "የፒክአፕ የበር ጎማ ነው፤ ቆርጠህ ታስገባዋለህ፣ በቃ!" ብሎ ሸጠልኝ። አሮጌውን በቢላ ፍቄ አዲሱን በማስቲሽ ዙሪያውን አጣበቅኩት። አንድ ባልዲ ውኃ ብደፋባት ጠብታ አልገባም።

በማግስቱ አባቴ ገብቶ በሩን ሳበ። ጎማው ወፍራም ነውና በሩ ነጥሮ ተመለሰ። ደግሞ ሳበ፤ ያው ነው።

"አባዬ፣ በኃይል ሳበው እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት።

"በኃይል እኮ ነው የሳብኩት" አለኝ።

ከውጭ ገፍቼ ዘጋሁለት። ጎማውን ልንቀለው ስል ደግሞ "ተው፣ የለፋህበት ነው" ብሎ ከለከለኝ።

ትናንት ከሥራ ስገባ ዝናቡ ይወርዳል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አባቴ ግራ ጎኑ በስብሶ፣ መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል።

በጎማዬ በኩል ግን ጠብታ አልገባም።